ገጣሚውና ተናጋሪው፦ የዊልፍሬድ ኦወን ሕይወትና የጦርነት ግጥም ድምፅ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት

መግቢያ

የጦርነት ግጥም በሁለተኛ ደረጃ ክፍል ውስጥ ሲነበብ ብዙውን ጊዜ ከግጥሙ በፊት የገጣሚው አሟሟት ይነገራል። ተማሪው ገጣሚው ወታደር እንደ ነበረ፣ መከራውን በዓይኑ እንዳየና በወጣትነቱ እንደ ተቀጨ ከሰማ በኋላ፣ በግጥሙ ውስጥ የሚናገረውን «እኔ» ያለ ጥያቄ የሟቹ ቃል አድርጎ ይቀበለዋል። ከዚያ ወዲያ ለመጠየቅ የሚቀረው ነገር ጥቂት ነው፤ ግጥሙ የምስክርነት ቃል፣ ክፍሉም የኀዘን ቤት ይሆናል። በዚህ አነባበብ የሚጠፋው ድምፅ የተባለው የግጥም ባሕርይ ነው። ድምፅ ሲባል በግጥሙ ውስጥ የሚናገረው ማን እንደ ሆነ፣ ለማን እንደሚናገር፣ በምን ሁኔታና ከምን ያህል ርቀት ላይ ቆሞ እንደሚናገር የሚገልጠው የአነጋገር ጠባይ ማለት ነው። ተናጋሪው ከገጣሚው ሕይወት ብዙ የወሰደ ቢሆንም እንኳ የገጣሚው ፍጥረት እንጂ ራሱ ገጣሚው አይደለም።

ለዚህ ጉዳይ የእንግሊዛዊው ገጣሚ የዊልፍሬድ ኦወን ሕይወት ጥሩ አስረጅ ነው። ኦወን በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የተዋጋ፣ ጦርነቱ ሊያበቃ አንድ ሳምንት ሲቀረው የሞተ፣ ግጥሞቹም ዛሬ በብሪታንያ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከሚማሯቸው መካከል የሚቆጠሩ ገጣሚ ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ደግሞ ራሱ በተለያየ ዘመንና ስፍራ አስተማሪ የነበረ መሆኑ ነው። ይህ ጽሑፍ ሕይወቱን በቅደም ተከተል እያቀረበ፣ መከራውን በተቀበለው ሰውና በግጥሞቹ ውስጥ በሚናገሩት ድምፆች መካከል ያለው ርቀት እንዴት እንደ ተፈጠረ ያሳያል፤ ይህን ርቀት የማያይ ንባብ፣ ከፍቅርም የመነጨ ቢሆን፣ የገጣሚውን ድምፅ ሊለውጠው እንደሚችል ያስረዳል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና የመጀመሪያዎቹ የማስተማር ዓመታት

ዊልፍሬድ ኦወን መጋቢት 18 ቀን 1893 በምዕራብ እንግሊዝ፣ በሽሮፕሺር አውራጃ፣ በኦስዌስትሪ ከተማ አጠገብ ተወለደ። አባቱ ቶም ኦወን የባቡር መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር። እናቱ ሱዛን ሻው ጠንካራ የወንጌል እምነት ያላት ሴት ስትሆን፣ ከአራቱ ልጆቿ የበኩሩ ከዊልፍሬድ ጋር የነበራት ቅርበት እስከ ዕለተ ሞቱ የጸና ነበር። ቤተሰቡ በእናቱ አባት ቤት በምቾት ይኖር ነበር፤ አያቱ በ1897 ሲሞቱ ግን ቤቱ ተሸጠ። ቤተሰቡም በርከንሄድ በተባለች የወደብ ከተማ ጠበብ ባለ ኑሮ ቆይቶ፣ በ1907 ወደ ሽሩዝበሪ ተዛወረ።

ኦወን በሽሩዝበሪ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተማረ፤ ቀጥሎም በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እየተማረ የሚያስተምር ለማጅ መምህር ሆነ። በ1911 የለንደን ዩኒቨርሲቲን የመግቢያ ፈተና ቢያልፍም፣ ነጻ የትምህርት ዕድል የሚያስገኝ ከፍተኛ ውጤት አላመጣም። ቤተሰቡ የዩኒቨርሲቲ ወጪ ለመሸፈን አቅም ስላልነበረው የከፍተኛ ትምህርት በር በዚያው ተዘጋ። ኦወን ዕድሜውን ሙሉ ራሱን ትምህርቱን ያልጨረሰ ሰው አድርጎ የተመለከተው፣ የእንግሊዝን ባለቅኔዎች፣ በተለይም ኪትስን፣ በራሱ ጥረት እያነበበ የኮረጀው በዚህ ምክንያት ነው።

ከ1911 መጨረሻ እስከ 1913 መጀመሪያ ድረስ በደንስደን መንደር የአንድ ቄስ ረዳት ሆኖ አገለገለ። በዚያ የድኾችን ቤት እየዞረ ሲጎበኝ ያየው ችግርና ሕመም ከቤተ ክርስቲያኗ ስብከት ጋር አልታረቅ አለው። ከቄሱ ቤት ሲወጣ በእናቱ እምነት ላይ የነበረው ጽናት ተናግቶ ነበር፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ቋንቋና የመዝሙራት ዜማ ግን ከጆሮው አልወጡም። ኋላ በጻፋቸው ግጥሞች የሰባኪውን፣ የመዝሙሩንና የጸሎቱን አነጋገር እየተዋሰ በተቃራኒው ሲጠቀምበት ይታያል።

በመስከረም 1913 ወደ ፈረንሳይ ተሻግሮ በቦርዶ ከተማ በበርሊትዝ የቋንቋ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ማስተማር ጀመረ፤ ቀጥሎም በግለሰቦች ቤት ልጆችን አስተማረ። በ1914 ክረምት በፒሬኔ ተራሮች ግርጌ ሳለ ሎራን ታያድ ከተባለው ፈረንሳዊ ባለቅኔ ጋር ተዋወቀ፤ በሥራው የሚኖር ባለቅኔ በአካል ሲያውቅ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ጦርነቱ በዚያው ዓመት ሲነሣ ኦወን ለመዝመት አልተጣደፈም። በቦርዶ ወደ አንድ የወታደሮች ሆስፒታል ሄዶ ያየውን ቁስል በሥዕል ጭምር አስደግፎ ለወንድሙ ለሃሮልድ ጻፈ።

በዚያን ወቅት ስለ ጦርነቱ የጻፈው ሶኔት ግን ከዚህ ደብዳቤ ፍጹም የተለየ ነበር። በግጥሙ ጦርነቱ በዓለም ላይ እንደ መጣ ወቅት፣ ታሪክ እንደሚያልፍበት የዘመን መታጠፊያ ይታያል፤ ተናጋሪውም አገርና ዕድሜ የሌለው፣ ከከፍታ ላይ ሆኖ ዘመናትን የሚመለከት ድምፅ ነው። ደብዳቤ ጸሓፊው ቁስሉን ቀርቦ አይቶታል፤ የግጥሙ ተናጋሪ ግን ምንም አላየም። አንዱ ሰው በአንድ ወቅት በሁለት ድምፅ መናገሩ፣ ያዩት ነገር በራሱ ግጥም እንደማይሆን ያስረዳል። ያየውን የሚናገርለት ድምፅ ገና አልተፈጠረም ነበር።

ወደ ጦር ሜዳ

ኦወን ወደ እንግሊዝ ተመልሶ በጥቅምት 1915 ለጦር አገልግሎት ተመዘገበ። በሰኔ 1916 በማንቸስተር ክፍለ ጦር የምክትል መቶ አለቃነት ማዕረግ አገኘ፤ በ1916 መጨረሻም ወደ ፈረንሳይ ተላከ። በጥር 1917 በሶም ግንባር፣ በቦሞን ሃሜል አካባቢ፣ ከሚመራቸው ወታደሮች ጋር በሁለቱ ጦሮች መካከል በነበረው ባዶ መሬት ላይ፣ ውኃ በሞላው የመሬት ውስጥ መጠለያ በከባድ ድብደባ ሥር ሁለት ቀን ያህል ቆየ። ከላይ የቆመው ዘብ በፍንዳታ ታወረ። በመጋቢት ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ጭንቅላቱን ተጎዳ። በሚያዝያም በሳቪ ጫካ አቅራቢያ የመድፍ ጥይት ከአጠገቡ ፈንድቶ ወረወረው፤ ከዚያም የአንድ የሥራ ባልደረባው መኮንን አካል ተበጣጥሶ በወደቀበት አካባቢ ለቀናት ተጠልሎ ቆየ። እጆቹ መንቀጥቀጥ፣ ንግግሩም መደነቃቀፍ ሲጀምሩ ሐኪሞቹ ሕመሙ የጦር ሜዳ ድንጋጤ መሆኑን አረጋግጠው ወደ ኋላ መለሱት።

በዚህ ጊዜ ስለነበረው ሥራ ከድምፅ ጥያቄ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር አለ። በእንግሊዝ ጦር የበታች መኮንኖች ከሚሠሩት መካከል የወታደሮቻቸውን ደብዳቤ እያነበቡ ምሥጢር እንዳይወጣ መቆጣጠር አንዱ ነበር። ወታደሩ ለሚስቱ ወይም ለእናቱ የሚጽፈውን ቃል መኮንኑ አስቀድሞ ያነብባል። ኦወንም ይህን ሥራ ሠርቷል። ራሱ ለእናቱ ረጅምና የተጣራ እንግሊዝኛ የሚጽፈው ይህ ሰው፣ ፊደል የሚያስቸግራቸውና በሰፈራቸው አነጋገር የሚጽፉ ወታደሮች ፍርሃታቸውን በሰላምታና በቀልድ እንዴት እንደሚሸፍኑ ለመማር ከዚህ የበለጠ ትምህርት ቤት አልነበረውም።

በክሬግሎክሃርት ሆስፒታል

በሰኔ 1917 መጨረሻ ኦወን በኤድንብራ ከተማ ወደሚገኘው የክሬግሎክሃርት ሆስፒታል ገባ። ሐኪሙ አርተር ብሮክ የሕመምተኛው ፈውስ ከአካባቢውና ከሥራ ጋር ዳግም በመተሳሰር ይገኛል ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። በዚህ ሕክምና መሠረት ኦወን የሆስፒታሉን መጽሔት «ዘ ሃይድራ»ን አዘጋጀ፤ የከተማዋን ድኻ ሰፈሮች ጎበኘ፤ በ1917 መከር ወራትም በታይንካስል ትምህርት ቤት ለወንዶች ልጆች የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ሰጠ። ቀን በክፍል ውስጥ ልጆችን ግጥም የሚያስተምረው መምህር፣ ሌሊት በቅዠት የሚባንነው ሕመምተኛና ዛሬ በትምህርት ቤቶች የሚነበቡትን ግጥሞች የሚጽፈው ገጣሚ በነዚያ ሳምንታት አንድ ሰው ነበሩ። ያስተማራቸው ልጆች ጦርነቱ ቢራዘም ተራው ሊደርሳቸው የሚችሉ እንደ ነበሩ ማስታወስ ይገባል።

በነሐሴ 1917 ሲግፍሪድ ሳሱን ከተባለው ገጣሚ ጋር ተዋወቀ። ሳሱን በጀግንነቱ የተሸለመ መኮንን ሆኖ ሳለ ጦርነቱ ያላግባብ እየተራዘመ ነው የሚል ተቃውሞ በይፋ በማውጣቱ ለክስ በመቅረብ ፈንታ ወደ ሆስፒታሉ የተላከ ሰው ነበር። ኦወን ከእርሱ የወሰደው የተቃውሞ ሐሳብን ብቻ አልነበረም። በዕለት ንግግር ቃላት፣ በቀጥታና በሽሙጥ መናገር ለግጥም እንደማይነውር ተማረ። ሁለቱ በአንድ ረቂቅ ላይ አብረው ሲሠሩ የተደረገ ለውጥ ለድምፅ ጥናት ጠቃሚ ምሳሌ ነው። ኦወን ለሞቱ ወጣቶች የተዘጋጀ መዝሙር የሚል ርእስ ሰጥቶት የነበረውን ሶኔት፣ በሳሱን ምክር ሞት የተፈረደባቸው ወጣቶች መዝሙር አደረገው። በመጀመሪያው ርእስ ተናጋሪው ከቀብር በኋላ የቆመ አልቃሽ ነው። በሁለተኛው ግን ወጣቶቹ ገና በሕይወት አሉ፤ ተናጋሪው የሚመጣውን ያውቃል፤ ስለዚህ ሰሚውም ከተጠያቂነት አያመልጥም። አንድ ቃል ሲለወጥ የተናጋሪው ጊዜ ተለወጠ።

ከዚህ የበለጠ የሚያስተምረው በጥቅምት 1917 የተጀመረው፣ በሮማዊው ባለቅኔ በሆራስ የላቲን ቃል «ዱልቼ ኤት ዴኮሩም ኤስት» ተብሎ የተሰየመው ግጥም ነው። ግጥሙ የሚጀምረው በብዙ ቁጥር «እኛ» ነው፤ የደከሙ ወታደሮች ከግንባር ወደ ኋላ ሲጓዙ የመርዝ ጋዝ ይደርስባቸዋል። አንዱ ጭምብሉን ሳያጠልቅ ይቀራል፤ በዚያች ቅጽበት «እኛ» ተሰንጥቆ አንድ የሚያይ «እኔ» ይወጣል። ቀጥሎ ትእይንቱ ከጦር ሜዳ ወደ ሕልም ይዛወራል። በመጨረሻም ተናጋሪው ፊቱን ወደ አንድ «አንተ» ወይም «አንቺ» አዙሮ፣ የላቲኑን የአርበኝነት ቃል ለልጆች ማስተማር እንደሚያሳፍር ይነግረዋል። የግጥሙ ኃይል ያለው በጋዙ ገለጻ ላይ ብቻ አይደለም፤ በተናጋሪው ከ«እኛ» ወደ «እኔ»፣ ከ«እኔ» ወደ «አንተ» መተላለፍ ላይ ነው።

ረቂቆቹ ይህ «አንተ» ማን እንደ ነበረ ያሳያሉ። ኦወን ግጥሙን በመጀመሪያ ወጣቶች እንዲዘምቱ የሚቀሰቅሱ ስንኞችን በጋዜጣ ታወጣ ለነበረችው ለጄሲ ፖፕ በስም አመልክቶት ነበር፤ በሌላው ረቂቅ ስሟን ትቶ አንዲት ባለቅኔ ብቻ አላት፤ በመጨረሻ ምልክቱን ሁሉ ሰረዘው። ስሙ ባይሰረዝ ኖሮ አንባቢው በሁለት ሰዎች ጠብ መካከል የቆመ ተመልካች በሆነ ነበር። ስሙ ሲወጣ ግን የተናጋሪው ጣት ወደ አንባቢው ዞረ። ግጥሙ ስለ ማስተማር የሚናገር በመሆኑም፣ በክፍል ውስጥ ሲነበብ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው መምህሩ ነው።

የብዙ ሰው ድምፆች

ኦወን በኅዳር 1917 ከሆስፒታል ወጥቶ በስካርበሮና በሪፐን በአገር ውስጥ አገልግሎት ላይ ቆየ። ከነሐሴ 1917 እስከ መስከረም 1918 ባለው አንድ ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ዝናው የቆመባቸውን ግጥሞች አብዛኞቹን ጻፈ ወይም አስተካከለ። አብዛኛው ሥራ የተሠራው በምሽግ ውስጥ ሳይሆን በብሪታንያ፣ በጸጥታ ክፍል ውስጥ፣ ረቂቅ በረቂቅ ላይ እየተደረበ ነው። ቶሎ የተጻፈ ኑዛዜ የሚመስለው ድምፅ ብዙ ጊዜ የተሰረዘና የተደለዘ ድምፅ ነው።

የተናጋሪዎቹ ልዩነት ሲታይ ይህ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። «ደብዳቤው» በተባለው ግጥም የሚናገረው ለሚስቱ የሚጽፍ ተራ ወታደር ነው። አነጋገሩ የሰፈር ነው፤ በደብዳቤው ለሚስቱ ደኅና መሆኑን ይነግራታል፤ በመካከሉ ደግሞ ከጎኑ ካሉት ጓደኞቹ ጋር ይነታረካል። መጨረሻ ላይ ይመታል፤ ጓደኛው ደብዳቤውን እንዲጽፍለትም ይለምናል። ሁለቱ ድምፆች፣ ለቤት የሚላከውና በምሽጉ የሚሰማው፣ በአንድ ሰው አፍ ጎን ለጎን ቆመዋል። የወታደሮችን ደብዳቤ ያነብብ የነበረው መኮንን ልምድ እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል።

«ፍተሻ» የተሰኘው ግጥም ተናጋሪ ደግሞ መኮንን ነው። ልብሱ ቆሽሾ በሰልፍ ላይ የተገኘን ወታደር ያስቀጣል፤ ኋላ ግን ቆሻሻው የወታደሩ የራሱ ደም እንደ ነበረ ከወታደሩ አንደበት ይሰማል። ኦወን ራሱ መኮንን ስለ ነበር ይህን «እኔ» ከራሱ አርቆ ማቆም ቀላል አልነበረም፤ ተናጋሪውን ሳያውቅ የሚበድል ሰው በማድረጉ ግን አንባቢው ከተናጋሪው በላይ እንዲያይ አስችሎታል። «አካል ጉዳተኛው» በሦስተኛ መደብ የቀረበ ሲሆን፣ ትረካው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ጨለማን ወደሚጠብቀው ወጣት አእምሮ እየቀረበ ይሄድና መጨረሻው ላይ የተራኪውንና የወጣቱን ድምፅ መለየት ያስቸግራል። «ዘቡ» በጥር 1917 ከደረሰው አደጋ የተነሣ ግጥም ነው፤ ተናጋሪው ግን ዋና አድርጎ ያቀረበው የዘቡን መታወር ብቻ ሳይሆን፣ ሌሎችን ለመርዳት ሲሮጥ ዘቡን መርሳቱንና አሁንም ላለማስታወስ መታገሉን ነው።

ከሁሉ የሚርቀው «እንግዳ ግንኙነት» ነው። ተናጋሪው ከጦርነት አምልጦ ወደ ጥልቅ ዋሻ ይወርድና አንድ ሰው ያገኛል። ከዚያ በኋላ የግጥሙን አብዛኛውን ክፍል የሚናገረው ያ ሰው ነው፤ በመጨረሻ ተናጋሪው ትናንት የገደለው ጠላት መሆኑን ይገልጥለታል። «እኔ» ብሎ የጀመረው ድምፅ ዝም ብሎ ጠላቱን ሲያዳምጥ ግጥሙ ያበቃል። የስንኞቹ ቤት አመታት ተነባቢዎቹን አንድ አድርጎ አናባቢዎቹን የሚለያይ ነው፤ ጆሮ ሙሉውን ስምምነት ሲጠብቅ ከአፋፉ ላይ ይቀራል። ሁለቱ ሰዎች እንዲህ ይመሳሰላሉ፤ አንድ ግን አይሆኑም።

መመለስና ሞት

በሕይወቱ ሳለ የታተሙለት ግጥሞች አምስት ያህል ብቻ ነበሩ። በ1918 የጸደይ ወራት ለመጽሐፉ ያሰበውን መቅድም ረቂቅ ጻፈ፤ መጽሐፉን ግን አላየውም። ሳሱን ቆስሎ ከግንባር በተመለሰበት ክረምት፣ የወታደሮቹን ጉዳይ ለመናገር ከእነርሱ ጋር መሆን እንደሚገባ በማመን፣ በነሐሴ 1918 መጨረሻ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ። በጥቅምት መጀመሪያ በጆንኩር አካባቢ በተደረገው ጥቃት የሻምበሉ አዛዥ ሲቆስል አመራሩን ተረክቦ ባሳየው ጀግንነት የጦር መስቀል ኒሻን ተፈቀደለት።

ኅዳር 4 ቀን 1918 ንጋት ላይ ሻለቃው ኦርስ በተባለች መንደር አጠገብ የሳምብር–ዋዝ ቦይን ለመሻገር ሞከረ። መሐንዲሶችና እግረኞች በመትረየስ ተኩስ ሥር ተንሳፋፊ ድልድይ ሲዘረጉ ኦወን በቦዩ ዳርቻ ተመትቶ ሞተ። ዕድሜው 25 ነበር። የሞቱን ዜና የያዘው ቴሌግራም ሽሩዝበሪ የደረሰው ኅዳር 11፣ የጦርነቱን ማብቃት የሚያበሥሩ ደወሎች በሚደወሉበት ቀን ነበር።

ከሞት በኋላ የተለወጠ ድምፅ

በ1920 ሳሱን፣ ኢዲት ሲትዌል የጀመረችውን የዝግጅት ሥራ ተረክቦ፣ 23 ግጥሞችን የያዘ መጽሐፍ አሳተመ። በ1931 ኤድመንድ ብለንደን ሰፋ ያለ እትም ከሕይወት ታሪክ ጋር አወጣ። በ1936 ዬትስ ባዘጋጀው የዘመናዊ ግጥም መድበል ኦወን እንዳይካተት አደረገ፤ መከራን ብቻ መቀበል ለግጥም አይበቃም የሚል እምነት ነበረው። ከዚያ በኋላ የመጡት አንባቢዎች ግን በዬትስ አልተስማሙም። በ1962 ቤንጃሚን ብሪተን በኮቨንትሪ ካቴድራል ባቀረበው የጦርነት ሙታን መታሰቢያ ድርሰት ውስጥ የኦወንን ግጥሞች ከላቲኑ የፍትሐት ጸሎት ጋር አቆራኛቸው። በ1963 ዴይ ልዊስ፣ በ1983 ደግሞ ጆን ስቶልወርዚ ያዘጋጇቸው እትሞች ግጥሞቹን ለአጥኚዎችና ለትምህርት ቤቶች አደረሱ።

በዚሁ ዘመን የሚወዱት ሰዎች ድምፁን በሁለት ስፍራ ለውጠውታል። የመጀመሪያው የኒሻኑ ምስክር ወረቀት ነው። ኦወን በማረከው መትረየስ በጠላት ላይ ከፍተኛ ጉዳት ማድረሱን የሚገልጠው ቃል፣ ወንድሙ በአርታኢነት በተሳተፈበትና በ1967 በወጣው የደብዳቤዎቹ እትም ላይ መትረየስ ማርኮ ምርኮኞችን እንደ ያዘ ተደርጎ ቀረበ። የሚገድለው ኦወን፣ ለአዘኔታ በተዘጋጀው ሥዕል ውስጥ አልገባ ብሏል። ይሁንና የገደለውን ሰው በዋሻ ውስጥ ቆሞ የሚያዳምጠው የ«እንግዳ ግንኙነት» ተናጋሪ በትክክል የሚገባው ገጣሚው ራሱ ከዚህ ሥራ ነጻ እንዳልነበረ ሲታወቅ ነው።

ሁለተኛው ይበልጥ ልብ የሚነካ ነው። ኦወን በኦርስ መንደር መቃብር ተቀበረ። በመቃብሩ ድንጋይ ላይ እናቱ ያስጻፈችው ቃል «ፍጻሜው» ከተባለው ሶኔት የተወሰደ ነው። በሶኔቱ ተናጋሪው ሕይወት የሙታንን ሥጋ ዳግም ያድሳልን፣ ሞትንስ ይሽራልን ብሎ ይጠይቃል፤ እርጅናና ምድር የሚሰጡት መልስም ተስፋን የሚያሳጣ ነው። በድንጋዩ ላይ ግን ሁለተኛው ጥያቄ ከመካከሉ ስለ ተቆረጠ የጥያቄ ምልክቱ ቀርቶ፣ ጥርጣሬው ሞት እንደሚሻር የሚያረጋግጥ የእምነት ቃል ሆነ። ልጇን ያጣች አማኝ እናት ይህን በማድረጓ የሚፈርድባት የለም። ነገር ግን በድንጋዩ ላይ የሚናገረው የልጇ ግጥም ተናጋሪ አይደለም፤ በልጇ ስም የምትናገረው እናት ናት። አንድ የሥርዓተ ነጥብ ምልክት ሲወድቅ ተናጋሪው ተለወጠ።

ለክፍል ትምህርት ያለው ትርጉም

ከዚህ የሕይወት ታሪክ ለሁለተኛ ደረጃ መምህር የሚተርፉ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የማስተማሪያ ቅደም ተከተልን ይመለከታል። የገጣሚው አሟሟት አስቀድሞ ከተነገረ ተናጋሪው ይዋጣል፤ ግጥሙ አስቀድሞ ተነብቦ የሚናገረው ማን እንደ ሆነ፣ ለማን እንደሚናገር፣ በግጥሙ ውስጥ ሳይናገር የቀረው ማን እንደ ሆነ ከስንኞቹ ብቻ ከተፈለገ በኋላ ሕይወቱ ቢቀርብ ግን፣ ሕይወትና ግጥም የሚገናኙበትና የሚለያዩበት ስፍራ ይታያል። ሦስተኛው ጥያቄ በተለይ አስፈላጊ ነው። በ«ዱልቼ ኤት ዴኮሩም ኤስት» የሚሞተው ወታደር አንድም ቃል አይናገርም፤ «እኛ» የሚለውም ቃል የመኮንንና የወታደርን ልዩነት ይሸፍናል። ተማሪው ይህን ሲያስተውል ግጥሙን መንቀፉ ሳይሆን መስማት መጀመሩ ነው።

ሁለተኛው፣ ድምፅ በትርጓሜ ከመማር ይልቅ በመለወጥ የሚታወቅ መሆኑ ነው። ኦወን ርእስ ሲለውጥና የጄሲ ፖፕን ስም ሲሰርዝ ያደረገውን ተማሪዎች ራሳቸው ሊሞክሩት ይችላሉ፤ «እኛ»ን በ«እነርሱ» ተክቶ፣ ወይም «አንተ»ን አጥፍቶ ማንበብ ምን እንደሚያጎድል በጆሮ ይሰማል። «ደብዳቤው»ን ሁለት ተማሪዎች ተከፋፍለው፣ አንዱ ለቤት የሚላከውን፣ ሌላው በምሽጉ የሚሰማውን ቢያነብቡት፣ ረጅም ማብራሪያ የማያስገኘውን ግንዛቤ በጥቂት ደቂቃ ያገኛሉ።

ሦስተኛው የፍርድ ጉዳይ ነው። የኦወንን ግጥሞች ሁሉ ጦርነት ክፉ ነው በሚል አንድ አረፍተ ነገር መጠቅለል ቀላል ነው፤ ግን ይህን ለማወቅ ግጥም አያስፈልግም። ግጥሞቹ የሚያስተምሩት ክፋቱ በማን አንደበት ሲነገር ምን እንደሚመስል ነው፤ ሳያውቅ በሚያስቀጣው መኮንን፣ ለሚስቱ በሚዋሸው ወታደር፣ ዘቡን በረሳው አዛዥ፣ ገዳዩን ወዳጄ በሚለው ሟች።

ማጠቃለያ

ዊልፍሬድ ኦወን በ1914 ቁስልን ቢያይም ቁስሉን የሚናገርለት ድምፅ አልነበረውም። ያንን ድምፅ ያገኘው ከወታደሮች ደብዳቤ፣ ከሳሱን ምክር፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ቋንቋና ከብዙ ረቂቅ ነው። ከሞተ በኋላ ቤተሰቡ በፍቅር ድምፁን ለስላሳና አማኝ ለማድረግ ሞክሯል፤ ትምህርት ቤቶችም ግጥሞቹን የአንድ ሰማዕት ኑዛዜ አድርገው ሲያቀርቡ በሌላ መንገድ ይህንኑ ያደርጋሉ። የኦርስን የመቃብር ድንጋይ ከሶኔቱ ጋር አስተያይቶ የጎደለውን የጥያቄ ምልክት ለማግኘት የቻለ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ ስለ ድምፅ ሊያውቅ የሚገባውን ዋናውን ነገር አውቋል።